ሚኒሞ፦ ሞተር ቆሞ የመሥራት ታሪክ

ሞተር ሳይክል ገበያ ላይ በወጣበት ዘመን ሚኒሞ የሚባለው ነገር ብዙም ትርጉም አልነበረውም። የኛ መካኒኮች «ሚኒሞው ወርዷል»፣ «ሚኒሞ አልይዝ አለ» ሲሉ የሚያወሩት ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጡት ቀስ ብሎ በራሱ ቆሞ ስለመሥራቱ ነው። የሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነጂዎች ግን በዚህ ጉዳይ እምብዛም አይጨነቁም ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮን አልነበራቸውም። ሞተሩና የኋላ ጎማው በቀበቶ ቀጥታ ስለተያያዙ ጎማው ሲቆም ሞተሩም ይጠፋል። እንደገና ለመሄድ እየገፉ መሮጥ፣ ሲነሳ ደግሞ ዘሎ መውጣት ነው።

በ1907 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የማን ደሴት ላይ የመጀመሪያው ቲቲ ውድድር ሲካሄድ ቻርሊ ኮሊየር ያሸነፈባት ማችለስ እንዲህ ያለች ነበረች። ማርሿ አንድ፣ ለዳገት ደግሞ እንደ ብስክሌት ፔዳል የተገጠመላት። የዛሬ ነጂ መንገድ ላይ ሞተር ሲጠፋበት ያፍራል። የዚያን ጊዜው ነጂ ቆመ ማለት አጠፋ ማለት ስለነበር የሚያፍርበት ምክንያት አልነበረውም።

ሚኒሞን የወለዱት ፍሪሲዮን፣ ማርሽና ከተማ ናቸው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ሲያነሳ፣ ኋላ ደግሞ መብራት ሲመጣ፣ ሞተር ሥራ ሳይኖረው መሥራት መቻል ነበረበት። ይኼ ደግሞ ሲያስቡት ከባድ ጥያቄ ነው። ሞተር በፍጥነት ሲሄድ አየሩን በኃይል ይስባል፤ አየሩ ነዳጁን እየጎተተ ያመጣዋል። ሲቆም ግን ነዳጅ መስጫው ሊዘጋ ምንም አይቀረው። በዚያች ጠባብ ክፍተት ትንሽ አየር፣ ትንሽ ነዳጅ፣ በትክክለኛው ሰዓት አንድ ብልጭታ። ከሦስቱ አንዱ ቅር ካለ ጸጥ ነው።

ነዳጅ ወይስ እሳት? ይህን ጥያቄ መንገድ ላይ ቆማ ከጠየቁት መጀመሪያዎቹ አንዷ ሴት ነበረች። በነሐሴ 1888 በርታ ቤንዝ የባሏን ባለ ሦስት ጎማ መኪና ይዛ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ፣ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳች። ካርል ቤንዝ አልተነገረውም ይባላል። መንገድ ላይ የነዳጅ መስመሩ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። የእሳት ሽቦው ሲላጥ ደግሞ ካልሲ መያዣ ላስቲኳን ጠቀለለችበት። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለጀግንነቱ ብቻ አይደለም። አንዱ ብልሽት የነዳጅ፣ ሌላው የእሳት ነበር፤ ሁለቱንም ለየብቻ አግኝታ ለየብቻ ፈታቻቸው። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሲጠፋ ባትሪውንም፣ ካንዴላውንም፣ ፊልትሮውንም በአንድ ቀን ቀይሮ «ተስተካክሏል» ከሚለው ሰው በርታ በብዙ ትሻላለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተሻሻለ። ቪልሄልም ማይባክ በ1893 ነዳጁን በትንሽ ቀዳዳ የሚረጭ ካርቡራተር አወጣ። በ1902 የሮበርት ቦሽ ባልደረባ ጎትሎብ ሆኖልድ አስተማማኝ ብልጭታ የሚሰጥ ማግኔቶ ሠራ። ወደኛ ጉዳይ የሚያቀርበን ግን አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ነው። ስኪነሮች ይባላሉ፤ ንግዳቸው ጫማ ነበር። ከቤተሰቡ አንዱ ጆርጅ ኸርበርት ስኪነር በ1905 አካባቢ፣ የአየር መግቢያው እንደ ሞተሩ ፍላጎት በራሱ የሚሰፋና የሚጠብ ካርቡራተር ፈለሰፈ። ከፍ ዝቅ የሚለውን ክፍል የሚያንቀሳቅሰው መጀመሪያ ላይ የቆዳ ወናፍ ነበር። የጫማ ነጋዴ ልጅ ሌላ ምን ይጠቀማል? የዚህ ሐሳብ የልጅ ልጅ፣ በቆዳው ፋንታ ቀጭን ላስቲክ ወይም የብረት ፒስተን ይዞ፣ ከሰባ ዓመት በኋላ በጃፓን ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ውስጥ አራት አራት ሆኖ ተደረደረ።

እዚህ ላይ ጎልድ ዊንግ ትመጣለች።

ሆንዳ ጂኤል 1000ን በ1974 መጸው ኮሎኝ ኤግዚቢሽን ላይ ሲያቀርባት ብዙ ሰው ግራ ተጋባ። 999 ሲሲ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተኙ አራት ሲሊንደሮች፣ እንደ መኪና በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ በሰንሰለት ፋንታ በዘንግ የሚዞር የኋላ ጎማ። ታንከር የሚመስለው ነገር ደግሞ ታንከር አይደለም! ሲከፈት ውስጡ የኤሌክትሪክ ዕቃና የአየር ፊልትሮ ነው ያለው፤ ለክፉ ቀን ሞተሩን በእግር የሚያስነሱበት ዘንግም እዚያው ተቀምጧል። እውነተኛው የነዳጅ ታንከር ከመቀመጫው ሥር ነው፤ ነዳጁን ወደ ካርቡራተሮቹ የምትገፋው ትንሽ ፖምፓ ናት። ይህቺን ፖምፓ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሜሪካኖች ወደዷት። የንፋስ መከላከያ ገጠሙላት፣ ሻንጣ ጫኑባት፣ ሚስትና ባል ሆነው አገር ለአገር ዞሩባት። በ1980 ሆንዳ ራሱ ንፋስ መከላከያና ሻንጣ የተገጠመላት ሞዴል አወጣ፤ ማምረቻውንም ወደ ኦሃዮ ወሰደው። የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ሲባል በብዙ ሰው ጭንቅላት የምትመጣው እሷ ናት።

የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ግን ረጅም ዕረፍትም አለው። በረዶ ባለበት አገር ከኅዳር እስከ መጋቢት ጋራዥ ውስጥ ይተኛል። ቤንዚኑ ካርቡራተሩ ውስጥ ቀስ እያለ ይተናል፤ የሚቀረው የሚያጣብቅ ቡናማ ዝቃጭ ነው። ሚኒሞውን የምትመግበው ቀዳዳ ስፋቷ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ስለሆነ መጀመሪያ የምትደፈነው እሷ ናት። ለዚህ ነው በጸደይ ወቅት ነጂው ሞተሩን ሲያስነሳ በፍጥነት ሲሄድ ጤነኛ፣ መብራት ላይ ሲቆም በሽተኛ የሚሆንበት። ትልቋ ቀዳዳ ክፍት ናት፤ ትንሿ ግን ተዘግታለች።

አራት ካርቡራተር ማለት ደግሞ አራት ምስክር ማለት ነው፤ አንዱ ቢዋሽ ሦስቱ ይሸፍኑለታል። ሞተሩ ይሠራል፣ ግን ይንቀጠቀጣል። ነጂው ሚኒሞውን በብሎን ከፍ ያደርገውና «ተስተካከለ» ይላል። አልተስተካከለም፤ ሦስቱ የአራተኛውን ዕዳ እየከፈሉ ነው። የድሮ መካኒኮች ይህን የሚያጋልጡበት ዘዴ ከማንኛውም ኮምፒውተር በላይ ያስደስተኛል። ሞተሩን በቀዝቃዛው ያስነሱና ወዲያው በአራቱ የጭስ ማውጫ ቱቦዎች ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። ሦስቱ ላይ ጠብታው ጭስ ብሎ ይጠፋል። አንዱ ላይ ቁጭ ይላል። በቃ፣ የሚጠፋው ሲሊንደር ተገኘ። ከዚያ የዚያን ካንዴላ ማውጣት ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፣ ጥቀርሻ ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል፣ ቤንዚን ካራሰው ደግሞ እሳቱ አልደረሰም።

ሌላው ተጠርጣሪ ላስቲክ ነው። በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ላስቲክ ሲያረጅ ይሰነጠቅና ማንም ያልቆጠረው አየር ይገባል። ምልክቱ የሚገርም ነው፦ ሚኒሞው አንዳንዴ በመውረድ ፋንታ ይወጣል፤ ነዳጅ መስጫውን ለቀው እንኳ ዙሩ ወዲያው አይወርድም። በላስቲኩ ዙሪያ ትንሽ ውኃ ሲረጩበት የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። (ቤንዚን የሚረጩ ሰዎች አሉ። አታድርጉት። የጋለ ማርሚታ አጠገብ ነው ያላችሁት። በሩን የዘጋችሁት ጋራዥ ውስጥም ሞተር አታስነሡ።)

ከ1978 በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የአሜሪካ መንግሥት የሞተር ሳይክል ጭስን መቆጣጠር የጀመረው በዚያ ዓመት ሞዴል ነው። ፋብሪካዎች በሚኒሞ ጊዜ የሚገባውን ነዳጅ ቀነሱት፤ ማስተካከያ ብሎኑንም ነጂው እንዳይነካው ገደብ አበጁለት። ለከተማ አየር ጥሩ ነበር፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚኒሞው በቋፍ ላይ ቆመ። ሞተሩ በጠዋት ብርድ ቾክ ሳይሉት አይሠራም፤ ትንሽ ዝቃጭ፣ ትንሽ ስንጥቅ፣ ትንሽ የባትሪ መድከም ያጠፋዋል። ድሮ የነበረው መጠባበቂያ ተወሰደ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ የ1977 ጂኤል 1000 ገዛሁ። ሁለት ሳምንት እንደ ንጉሥ ነዳኋት። በሦስተኛው ሳምንት፣ ወደ ግራ ልታጠፍ መስቀለኛ መንገድ መሀል ገብቼ ሳለ ጠፋች። ከፊት ለፊቴ የጭነት መኪና እየመጣ ነበር። ሦስት መቶ ኪሎ የሚጠጋ ብረት በሁለት እግር እየገፋችሁ ከመንገድ ለማውጣት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? የጭነት መኪናው ሹፌር ፍሬን ስለያዘ ነው ዛሬ የምጽፈው።

አሥር ደቂቃ ከቆምኩ በኋላ ምንም እንዳልሆነች ተነሳች። በማግስቱም እንዲሁ፤ ሃያ ምናምን ደቂቃ ስነዳ ትጠፋለች፣ ስትቆም ትድናለች። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። አራቱንም ካርቡራተር አውርደው አጠቡ፣ ብዙ ብር ከፈልኩ። በሃያ ሦስት ደቂቃ ጠፋች። መልሼ ወሰድኳት፤ ቦቢናውን ቀየሩ፣ ባትሪውንም። በሃያ አምስት ደቂቃ ጠፋች። የሚያሳዝነው፣ ከመካከላቸው «መቼ ነው የምትጠፋው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

የጠየቁኝ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜያቸውን በመካኒክነት የገፉ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ። ጎልድ ዊንግ ነክተው አያውቁም። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሻይ ይዘው ወጡና ሞተሯን ሳያዩ እኔን መረመሩኝ።

«ስትጠፋ እያንገዳገደች ነው ወይስ ድንገት?»

«እያንገዳገደች ነው ጋሼ። ነዳጅ እንዳለቀባት ዓይነት።»

«ቆመህ ስትጠብቅ ምን ታደርጋለህ?»

«ምንም። አንዳንዴ ነዳጅ አልቆ እንደሆነ ለማየት ክዳኑን እከፍታለሁ።»

«ከከፈትክ በኋላ ወዲያው ትነሳለች?»

ዝም አልኩ። እውነትም ክዳኑን በከፈትኩባቸው ቀናት ቶሎ ነበር የምትነሳው። ፈጽሞ አላሰብኩበትም ነበር።

«በል ንዳትና ና» አሉኝ። ሰፈር ለሰፈር ዞርኩ። ልትጠፋ ማንገዳገድ ስትጀምር በራቸው ላይ ቆምኩ። ሲጋራ የያዘ ሰው እንደሌለ አዩና «ክዳኑን ቀስ ብለህ ክፈት» አሉ። ጢስስስ... አየሩ ወደ ውስጥ ሲገባ ሁለታችንም ሰማነው። ጋሼ ሳቁ። ታንከሩ መተንፈሻውን ተዘግቶበት ኖሯል፤ ያቺ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ፖምፓ ነዳጁን እየሳበች ታንከሩ ውስጥ ባዶነት ትፈጥራለች፤ በሃያ ደቂቃ ገደማ መሳብ ያቅታታል። መተንፈሻውን በቀጭን ሽቦ ስንጎረጉረው የደረቀ ጭቃ ወጣ። እዚህ አገር ቀዳዳ ባገኘችበት ሁሉ በጭቃ ጎጆ የምትሠራ ተርብ አለች። የከፈልኩትን ብር ለተርቧ አልነገርኳትም።

ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። የጋሼ ጥያቄዎች የታሪክ ተመራማሪ ጥያቄዎች ናቸው። መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተነካ? ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? ከሙቀት በኋላ ድንገት የሚጠፋና ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚነሳ ሞተር ወደ ቦቢና ወይም ወደ እሳት ሥርዓቱ ያመለክታል። በቀዝቃዛው ብቻ የሚጠፋ ወደ ሚኒሞ ቀዳዳዎቹ። ማርሽ ሲያስገቡ ብቻ ቀጥ የሚል ከሆነ በአዳዲሶቹ ላይ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የጎን ማቆሚያዋ መቆጣጠሪያ ናት፤ ማቆሚያው ያልታጠፈ እየመሰላት እሳቱን ትቆርጣለች። ሌሊት መብራት፣ ሬዲዮና ማሞቂያ ሲበዛ ብቻ ሚኒሞ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ካርቡራተሩን ተዉት፣ ቮልቴጁን ለኩ።

የጋሼ ቃላት ራሳቸው ታሪክ ናቸው። ካንዴላ፣ ፖምፓ፣ ቦቢና፣ ማርሚታ፣ ካቻቪቴ፣ ሚኒሞ፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከሮም ጋር ተጣልተን ቃሉን አስቀረን።

ከኛ አገር ጋር ሌላም ግንኙነት አለ፤ ከፍታ። በ1973 ቴድ ሳይመን የሚባል ጋዜጠኛ በአምስት መቶ ሲሲ ትራያምፍ ዓለምን ለመዞር ከለንደን ተነሳ፤ መንገዱ በሱዳን በረሃ አልፎ በኢትዮጵያ ደጋ በኩል ወደ ኬንያ ወሰደው። እሱን ተከትለው በዚያ መስመር የመጡ ብዙ ነጂዎች አሉ። በረሃው ላይ በትክክል የተቃኘ ካርቡራተር ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ይሳሳታል። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚጫነው፤ ካርቡራተሩ ግን ይህን ስለማያውቅ ነዳጁን ያበዛል። ሚኒሞ ይወርዳል፣ ካንዴላ ይጠቁራል። ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ ተራራው ነው። ቤንዚኑም ራሱ ተለውጧል። አሜሪካ ውስጥ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የተለመደ ነው፤ አዲስ አበባም ከ2008 ጀምሮ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላ 10 በመቶ እየተደባለቀ ተሽጧል። ኢታኖል እርጥበት ይስባል፤ ለእሱ ያልተሠራ የድሮ ላስቲክም አይወደውም።

የመፍትሔው ታሪክ አጭር ነው፤ ካርቡራተሩን ማስወገድ። ቢኤምደብሊው በ1983 ኬ 100ን በቦሽ የነዳጅ መርጫ አወጣት። ጎልድ ዊንግ በ1985 በአንድ ውስን ሞዴል ሞከረችው፤ በ1988 ስድስት ሲሊንደር ይዛ ስትመጣ ግን ተመልሳ ሁለት ካርቡራተር ነበራት፣ ከብዙ ቀጫጭን የላስቲክ ቱቦዎች ጋር። ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር የዞረችው በ2001 በጂኤል 1800 ነው። ኮምፒውተሩ ከፍታውን ይለካል፣ ሙቀቱን ይለካል፣ ሚኒሞውን ራሱ ይይዛል። ሲታመም ግን ምልክቱ ያው ነው፤ መብራት ላይ መጥፋት። ምክንያቱ ብቻ ከዓይን ራቀ። የአየር መግቢያው ዙሪያ ጥቀርሻ ይይዛል፣ የሚኒሞን አየር የምትቆጣጠረው ቫልቭ ትቆሽሻለች፣ ወይም አንድ ሴንሰር ሲሞቅ ብቻ ይሞታል። ማሽኑ ስህተቱን በቁጥር ይነግራችኋል፤ የታንከር መተንፈሻ ላይ ስለተቀመጠ ጭቃ ግን ቁጥር የለውም።

በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ አዲሷን ጎልድ ዊንግ ይዞ መጣ፤ ማርሹን ራሷ የምትቀይረዋን፣ ከ2018 ሞዴል በኋላ የመጣችውን። ጋሼን ለማሳየት በራቸው አለፍን። ጓደኛዬ ቆመ። ሦስት ሰከንድ ገደማ እንዳለፈ ሞተሩ ጸጥ አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ እንዲያ ነው የተሠራችው፤ ስትቆም ራሷ ታጠፋለች፣ ነዳጅ መስጫውን ሲነኩት ትነሳለች።

ጋሼ ሻያቸውን አስቀመጡና ተነሱ።

«ጠፋች እኮ!» አሉ። «ካቻቪቴ አምጡልኝ።»